ለደንበኛ ከሠራችሁት ሥራ የቱን ቅጂ፣ የት፣ እስከ መቼ ታስቀምጣላችሁ?

ሥራው ተረክቦ፣ ሒሳቡ ተዘግቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ከደንበኛ ሁለት ዓይነት ስልክ ይመጣል። አንዱ «ያ የሠራችሁልን ፋይል ጠፍቶብን ነበር፤ መቼም እናንተ ጋ አይጠፋም ብለን ነው» ይላል። ሌላው «የእኛ ሥራ እናንተ ገጽ ላይ ምን ይሠራል?» ይላል። የሁለቱም መልስ ውሉ ላይ ተጽፎ ካለ ጉዳዩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ካልተጻፈ ክርክር ነው።

ከዚህ በታች ያለው በኢትዮጵያ በግላቸው ለሚሠሩ ግራፊክስ ዲዛይነሮች፣ ቪዲዮና ፎቶ አንሺዎች፣ ተርጓሚዎችና ፕሮግራመሮች የተዘጋጀ ነው።

1. መጀመሪያ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እወቁ

«እኔ ስለሠራሁት የእኔ ነው» የሚለው አባባል በብዙዎች ዘንድ እንደ ሕግ ይቆጠራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 21 ግን ሌላ ይላል። አንድ ሰው ተቀጥሮ ወይም በአገልግሎት ውል ታዞ የሠራው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። የማባዛት፣ ማለትም ቅጂ የማውጣት መብት ደግሞ ከኢኮኖሚ መብቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ምንም ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ ሕጉ ወደ ደንበኛው ያጋድላል።

ለሠሪው የሚቀረው የሞራል መብት ነው፦ ሥራው የእሱ መሆኑን የማሳወቅ፣ ስሙን የሚያጎድፍ ለውጥ ሲደረግበት የመቃወም። ይህ ግን ፋይሉን እንደፈለጉ ለመለጠፍ ፈቃድ አይሆንም። «የዚህን ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት ዲዛይን ያደረግኩት እኔ ነኝ» ማለትና ሪፖርቱን ራሱን ማውረጃ ሊንክ አድርጎ ማስቀመጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቁልፉ ያለው «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የሚለው ሐረግ ላይ ነው። ስምምነት ካለ ስምምነቱ ይሠራል፤ ቀጣዩ እርምጃም ይህንኑ ስምምነት መጻፍ ነው።

ደንበኛችሁ አሜሪካ ከሆነ መነሻው ይገለበጣል። እዚያ በግሉ የሚሠራ ባለሙያ በጽሑፍ ካላስተላለፈ በስተቀር በአብዛኛው የሥራው ባለቤት ሆኖ ይቆያል። ለዚህም ነው የአሜሪካ ደንበኞች የሚልኩት ውል ስለ መብት ማስተላለፍ ገጽ ሙሉ የሚያወራው። ያንን ገጽ ሳያነቡ መፈረም የተለመደ ስህተት ነው፤ ብዙ ጊዜ «ሥራው እንዳለቀ ቅጂዎቹን በሙሉ መልስ ወይም አጥፋ» የሚለው አንቀጽ የሚገኘው እዚያው ውስጥ ነው።

2. ውሉ ላይ አራት ዓረፍተ ነገር አስገቡ

ጠበቃ የሚያስፈልገው ትልቅ ውል ካልሆነ፣ ፕሮፎርማው ሥር ወይም ባለ አንድ ገጽ ስምምነት ላይ የሚከተሉትን ጻፉ። ቃላቱን እንደ ሥራችሁ ቀይሯቸው።

«ባለሙያው የሥራውን የመጨረሻ ቅጂ፣ የሥራ ፋይሎቹንና የርክክብ ሰነዶቹን ርክክብ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለማስረጃነትና ለመጠባበቂያነት ይዞ ሊያቆይ ይችላል። ለሦስተኛ ወገን አያስተላልፍም፤ ለሌላ ደንበኛ ሥራ አይጠቀምበትም።»

«ሥራው በደንበኛው በይፋ ከወጣ 30 ቀን በኋላ ባለሙያው በሥራ ማሳያው ላይ ሊያሳየው ይችላል። ያልወጣ ሥራ፣ ረቂቅና የደንበኛው የውስጥ ሰነድ አይታይም።»

«ባለሙያው ከዚህ ሥራ በፊት የነበሩት ቴምፕሌቶች፣ ኮዶች፣ ፕሪሴቶችና የቃላት ዝርዝሮች የባለሙያው ሆነው ይቀጥላሉ፤ ደንበኛው በዚህ ሥራ ውስጥ ይጠቀምባቸዋል።»

«የኢኮኖሚ መብቱ ወደ ደንበኛው የሚተላለፈው ሙሉ ክፍያው ሲፈጸም ነው። የሶርስ ፋይል (ሊታረም የሚችለው ዋናው ፋይል) ርክክብ በዚህ ዋጋ ውስጥ (ተካቷል / አልተካተተም)።»

የመጨረሻው ቅንፍ እንዲሁ እንዳይታለፍ፤ አንዱን ሰርዙ። ሎጎ ያሠራ ሰው «ፋይሉን ስጠኝ» ሲል ኢለስትሬተሩን ማለቱ ይሁን ፒኤንጂውን ብዙ ጊዜ ራሱም አያውቅም። ጠቡ የሚነሳው ሌላ ዲዛይነር ቀጥሮ ሶርሱን ሲጠየቅ ነው።

ለምን 10 ዓመት? በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት፣ በሕግ ሌላ ካልተደነገገ፣ ከውል የሚነሳ ክስ በ10 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደንበኛው «ያስረከባችሁኝ ጎዶሎ ነው» ሊል፣ እናንተም ያልተከፈለ ቀሪ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ማስረጃችሁ ቢያንስ የይርጋውን ያህል ዕድሜ ይኑረው።

ስምምነቱ በቃል ብቻ ከሆነ፣ ከስብሰባው እንደወጣችሁ ነጥቦቹን በኢሜይል ጽፋችሁ «እንዲህ ተስማምተናል፤ ትክክል ከሆነ ያረጋግጡልኝ» ብላችሁ ላኩ። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። በቴሌግራም የመጣ «እሺ»ም ከምንም ይሻላል፤ ሆኖም ላኪው ከሁለቱም ወገን ሊሰርዘው ስለሚችል በዚያው ቀን ስክሪን ሾት አንሱት፤ ቻቱንም ከኮምፒውተር ቴሌግራም ኤክስፖርት አድርጉት።

3. ሦስት ክምር አድርጉት

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ሁሉንም ነገር አንድ ፎልደር ውስጥ ከመክተት ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ፎልደር ክፈቱ፦ ማስረጃ፣ ሥራ፣ የደንበኛ ዕቃ።

«ማስረጃ» ትንሽ ናት፤ ከጥቂት ሜጋባይት አታልፍም። ውሉ፣ ፕሮፎርማው፣ የርክክብ ሰነዱ፣ «አጽድቄዋለሁ» ያለበት ኢሜይል በፒዲኤፍ፣ ደረሰኙ፣ የዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ተቀንሶ የተያዘው ግብር) ደረሰኙ፣ የባንክ ማስተላለፊያው፣ የመጨረሻው ሥራ ፒዲኤፍ። 10 ዓመት የምትቀመጠው እሷ ናት።

«ሥራ» ውስጥ ሶርስ ፋይሎቹና የመጨረሻው ውጤት ይገባሉ። እስከ መቼ እንደሚቆይ ውሉ ይወስናል።

«የደንበኛ ዕቃ» ደንበኛው የሰጣችሁ ጥሬ ነገር ሁሉ ነው፦ የሠራተኞች ስም ዝርዝር፣ የታካሚ ፎቶ፣ ያልታተመ ጥናት፣ ዳታቤዝ፣ ፓስዎርድ። ይህ ክምር የእናንተ ሆኖ አያውቅም። ሥራው እንዳለቀ ይመለሳል ወይም ይጠፋል። «ምናልባት ይጠቅመኝ ይሆናል» ተብሎ የሚቀመጠው ይሄኛው ነው፤ ላፕቶፕ ሲሰረቅ ባለቤቱን ፍርድ ቤት የሚያቆመውም ይሄው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎች መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ይከለክላል።

ስለ ፎልደር ስም አንድ ነገር። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የደንበኛው አጭር ስም፣ ከዚያ የሥራው ስም፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ግን 2017-03-05 የሚለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ኅዳር ነው፣ በፈረንጁ ደግሞ ማርች፤ በመሃሉ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ አለ። ኮምፒውተሩና ኢሜይሉ የሚመዘግቡት በፈረንጁ ስለሆነ ፎልደሩንም በዚያው ማድረግ ማመሳከርን ያቀላል። ውሉ ላይ ያለውን ቀን ደግሞ ማስረጃ ፎልደር ውስጥ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ አኑሩ። የፋይል ስሞችን በላቲን ፊደል ጻፉ፤ በአሮጌ ፕሮግራም ዚፕ ሲደረጉ በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ስሞች ወደ ጥያቄ ምልክትነት ይቀየራሉ። ፎልደር በፎልደር ውስጥም አታብዙ፤ አጠቃላይ መንገዱ ከ260 ሆሄ ካለፈ ዊንዶውስ ኮፒ ሲያደርግ መሃል ላይ ስህተት ይሰጣል፤ ያ ፋይል ሳይገለበጥ እንደቀረ ሳታውቁ ዋናውን ትሰርዙታላችሁ።

4. ከርክክቡ በፊት ፋይሉ ከዓመታት በኋላም የሚከፈት መሆኑን አረጋግጡ

ቅጂ አለን ማለትና የሚከፈት ቅጂ አለን ማለት ለየቅል ናቸው። አማርኛ ሕትመት የሚሠራ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፦ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሠራር) ባልሆኑት የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተሠራ መጽሔት ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ገጹ በሙሉ የላቲን ፊደላትና የምልክት ዝርክርክ ይሆናል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ግን የትኛው ፎንት እንደነበረ የሚያስታውስ ከሌለ ከጠፋ አይተናነስም።

ስለዚህ በኢንዲዛይንና በኢለስትሬተር «ፋይል» ከሚለው ሜኑ ሥር «ፓኬጅ» የሚለውን ተጠቀሙ፤ ፎንቶቹንና ሥዕሎቹን ከሰነዱ ጋር በአንድ ፎልደር ይሰበስባል። ከመሰብሰቡ በፊት የጎደለ ሊንክ ካለ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን በ«ኦኬ» አትለፉት። በዚህ ላይ ሁለት ጨምሩ፦ ፎንቱ ውስጡ የተካተተበት ፒዲኤፍ፣ እና ፊደላቱ ወደ ቅርጽ የተቀየሩበት አንድ ቅጂ። የተቀየረውን በዋናው ላይ ሴቭ እንዳታደርጉ፤ አንዴ ቅርጽ የሆነ ፊደል ተመልሶ ጽሑፍ አይሆንም። ለኢንዲዛይን አይዲኤምኤል ፋይልም አውጡ፤ በዕድሜ የገፋ ቨርዥን ያለው ሰው የሚከፍተው እሱን ነው።

በፕሪሚየር ለሚሠሩ «ፕሮጀክት ማናጀር» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ያለ እሱ ከስድስት ወር በኋላ ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ የሚቀበላችሁ «ሚዲያ ኦፍላይን» የሚለው ቀይ ስክሪን ነው።

ተርጓሚዎች የትርጉም ሜሞሪያችሁን (ፕሮግራሙ የቀድሞ ትርጉሞቻችሁን የሚያከማችበትን ፋይል) ለየደንበኛው ለዩት። ሁሉም አንድ ሜሞሪ ውስጥ ከተደባለቀ የአንዱ ባንክ ያልወጣ መግለጫ ለሌላው ባንክ ሥራ ላይ እንደ ጥቆማ ብቅ ይላል። ማጥፋት ሲመጣም የአንዱን ብቻ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም ማለት ይቀላል።

ፕሮግራመሮች፦ ኮዱ በደንበኛው ጊትሀብ (በኢንተርኔት ላይ ያለ የኮድ ማስቀመጫ) ሥር ከሆነ ፈቃዳችሁ የሚነሳው ያለ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቅጂ የመያዝ ስምምነት ካላችሁ ሙሉ ታሪኩን ይዞ የሚገለብጠውን «ሚረር» ክሎን በርክክቡ ቀን ውሰዱ። ቁልፎችና ፓስዎርዶች ያሉበትን የማዋቀሪያ ፋይልና የዳታቤዝ ግልባጭ ግን አትውሰዱ። ውሉ ካለቀ በኋላ በቀረ ፓስዎርድ መግባት፣ ዓላማው የራስን ኮድ ለማውረድ ብቻ ቢሆንም፣ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባት ነው። ያልተከፈለ ሒሳብ ቢኖርም ያው ነው፤ የደንበኛን ዌብሳይት ማውረድ ከሳሽ የነበረን ሰው ተከሳሽ ያደርጋል።

5. የርክክብ ቀን

ሀ) የሚረከቡትን ፋይሎች በአንድ ዚፕ አድርጉ።

ለ) ሰቨን-ዚፕ የሚባለው ነፃ የፋይል መጠቅለያ ፕሮግራም የተጫነበት ማሽን ላይ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ስታደርጉ «ሲአርሲ ሻ» የሚል ዝርዝር ይመጣል። ከውስጡ ሻ-256 የሚለውን ስትነኩ 64 ሆሄ ያለው መለያ ይሰጣችኋል። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትቀየር ይህ መለያ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ሐ) የርክክብ ሰነድ በሁለት ቅጂ አትሙ። ይዘቱ አጭር ነው፦ የሥራው ስም፣ የፋይሎቹ ዝርዝር ከነመጠናቸው፣ መለያ ቁጥሩ፣ በምን እንደተረከበ፣ የደንበኛ ዕቃ እንደተመለሰ፣ ባለሙያው ምን ቅጂ እንዳስቀረ። ለምሳሌ «ዓመታዊ ሪፖርት፣ 48 ገጽ፤ ለማተሚያ ፒዲኤፍ 1፣ ለድረ ገጽ ፒዲኤፍ 1፣ ኢንዲዛይን ፓኬጅ 1 ፎልደር፤ በፍላሽ»። ስም፣ ፊርማ፣ ቀን፤ ድርጅት ከሆነ ማህተም።

መ) የመጨረሻው ነጥብ፣ «ምን ቅጂ እንደቀረ» የሚለው፣ ብዙ ሰው የሚፈራው ነው። ተጽፎ ፊርማ ሲያርፍበት ግን ቅጂውን የያዛችሁት ደንበኛው እያወቀ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው።

ሥራውን በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን «እንደ ፋይል» ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ጥራቱ ይወርዳል፤ መለያ ቁጥሩም አይገጥምም። ቴሌግራምን መጋዘን ማድረግ ግን አይመከርም። ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንት ራሱ ይሰረዛል፤ የተቋረጠ ሲም ቁጥርም ለሌላ ሰው ይሰጣል።

6. የት ይቀመጥ

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ይህ የታወቀ ልማድ ነው፤ ችግሩ ዕቃው ላይ ነው።

ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጥ «2 ቴራ» ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ከ32 ወይም ከ64 ጊጋ አያልፍም። ኮምፒውተር ላይ 2 ቴራ ብሎ ይታያል፤ ኮፒውም «አልቋል» ይላል፤ ከትክክለኛው መጠን ያለፈው ግን የለም። ከመግዛታችሁ በፊት ወይም በገዛችሁበት ቀን ኤችቱቴስትደብልዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን አስጽፋችሁ አስነብቡት። ትልቅ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ለረጅም ጊዜ ማኖሪያ ፍላሽም ኤስኤስዲም ጥሩ አይደሉም፤ ኃይል ሳያገኙ ለዓመታት ከተቀመጡ የያዙትን ሊለቁ ይችላሉ። ተራ ሃርድ ዲስክ ይሻላል። ከሃርድ ዲስኮችም በላፕቶፑ ዩኤስቢ ብቻ የሚሠራውን ትንሹን፣ 2.5 ኢንች የሚባለውን ምረጡ። ግድግዳ ላይ የሚሰካው ትልቁ ዲስክ መብራት ሲሄድ ኮፒ መሃል ይቆማል፤ ትንሹ ግን በላፕቶፑ ባትሪ ይቀጥላል። ዊንዶውስ ብቻ ከተጠቀማችሁ ዲስኩን በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት። ኤክስፋት ከማክም ከዊንዶውስም ጋር ይግባባል፤ ነገር ግን በድንገት ሲቋረጥ የፋይል ማውጫው የመበላሸት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ፋት-32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል ፈጽሞ አይቀበልም።

ሁለት ተመሳሳይ ዲስክ ግዙ። አንዱ ጠረጴዛችሁ ጋ፣ ሌላው እህታችሁ ቤት ወይም የምታምኑት ሰው ዘንድ። በወር አንዴ ቀያይሯቸው። ሦስተኛው ቅጂ ክላውድ ነው፤ ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ከጂሜይልና ከፎቶዎች ጋር የሚጋራ ስለሆነ እዚያ የሚገባው ማስረጃ ፎልደሩ ብቻ ነው። ከመጫናችሁ በፊት በሰቨን-ዚፕ ቆልፉት፤ ፎርማቱን 7ዜድ አድርጋችሁ «የፋይል ስሞችን ቆልፍ» የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉ። በዚፕ ፎርማት ከሆነ ይዘቱ ቢቆለፍም ስሞቹ ለማንም ይታያሉ፤ አንዳንዴ የደንበኛው ስም ራሱ ምስጢር ነው። ዲስኮቹን በሙሉ ለመቆለፍ ቢትሎከር ወይም ነፃው ቬራክሪፕት ይበቃል። ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከዲስኩ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የተረሳ ፓስዎርድ የሚከፍት ባለሙያ የለም።

ቪዲዮ አንሺዎች ሒሳብ መሥራት አለባችሁ። ፎርኬ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ሲቀረጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። ሁለት ካሜራ ለስምንት ሰዓት የሠራበት ሠርግ 720 ጊጋ ነው፤ መልሱን ሳይጨምር። ይህን ለ10 ዓመት በሁለት ዲስክ አስቀምጣለሁ ማለት የሠርጉን ዋጋ ለዲስክ መክፈል ነው። ውሉ ላይ «ጥሬ ቀረጻው ከርክክብ በኋላ ለ90 ቀን ብቻ ይቆያል፤ ተዋህዶ ያለቀው ቪዲዮ 5 ዓመት ይቆያል» ብላችሁ ጻፉ። ቀኑ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «ጥሬውን ከፈለጉ ዲስክ ይዘው ይምጡ» የሚል መልእክት ላኩ። ከዓመታት በኋላ «ፍላሹ ጠፋብን» ብለው የሚመጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ የሚፈልጉት ያለቀውን ቪዲዮ ነው።

7. ለማሳያ የሚወጣው

የደንበኛው ፈቃድ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛም ሆነ ሊሸጥ አይችልም። ሙሽራው ፈቅዶ ሙሽሪት ካልፈቀደች ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ አይወጣም። የፈቃድ ፊርማውን ከሁለቱም፣ ቅድመ ክፍያ በምትቀበሉበት ቀን ውሰዱ፤ በሠርጉ ዕለት ማንም ወረቀት አያነብም።

ለማሳያ የሚሆነውን ከሥራ ፎልደሩ በቀጥታ አትለጥፉ፤ ለይታችሁ አዘጋጁት። ረጅሙ ጎን 1600 ፒክስል የሆነ ምስል ለስክሪን በቂ ነው፤ ለባነር ሕትመት ግን አይሆንም። ሪፖርት ከሆነ ሽፋኑንና ሁለት የውስጥ ገጽ፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች አደብዝዙ። የስክሪን ፎቶ ስታነሱ ጥግ ላይ የተከፈቱ ታቦችንና የኢሜይል አድራሻዎችን ተመልከቱ፤ ምስጢር የሚያመልጠው በዋናው ምስል ሳይሆን በጥጉ ነው።

8. ቀኑ ሲደርስ ማጥፋት

ርክክቡን በፈጸማችሁበት ቀን ስልካችሁ ካሌንደር ላይ የማጥፊያውን ቀን መዝግቡ። ሲደርስ ከሁለቱም ዲስክ፣ ከላፕቶፑ፣ ከክላውዱና ከቴሌግራሙ ሰርዙ። ጉግል ድራይቭ ላይ የተሰረዘ ፋይል ቆሻሻ መጣያው ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፤ እዚያም ገብታችሁ ባዶ አድርጉት። የስልክ ጋለሪና «ዳውንሎድ» ፎልደር ሁልጊዜ ይረሳሉ። ከዚያ ለደንበኛው ሁለት መስመር ኢሜይል ላኩ፤ ምን እንደጠፋ፣ መቼ እንደጠፋ። የኢሜይሉን ቅጂ ማስረጃ ፎልደር ውስጥ ክተቱት።

የተበላሸ ዲስክ ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ተቆልፎ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ አስታውሱ። ያልተቆለፈ ከሆነና ውስጡ የደንበኛ ዕቃ ካለ አትስጡት፤ ፍቱት፣ ውስጡ ያለውን ክብ ሳህን በመዶሻ ስበሩት። በአንዳንዶቹ ትናንሽ ዲስኮች ሳህኑ መስታወት ስለሆነ መነጽር አድርጉ።